የጤነኞች መዝገብና የእትዬ ደብሪቱ እርጎ

ከሁለት ወንዞች መካከል ባለች፣ ስሟን ብጽፍ ጎረቤቶቿ ሁሉ «እኛን ማለቱ ነው» ብለው በሚቀየሙኝ አንዲት አገር፣ ገዥው በትረ ሥልጣን በጨበጡ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር፣ ከምሳ በኋላ ሸንጎ ተሰይሞ ስለ ድንበር ሲመከር የገዥው ሆድ ጮኸ።

ጩኸቱ አጭር አልነበረም። ከግራ ጎን ተነሥቶ ወደ ቀኝ ተጓዘ፣ ጥቂት ዐረፈ፣ ደግሞም ዕቃ እንደረሳ ሰው ተመልሶ መጣ። ከመኳንንቱ አንዱ ጣሪያውን፣ አንዱ የጫማውን ጫፍ ተመለከተ። በሸንጎ የተሰማውን ሁሉ እንዲጽፍ የታዘዘው ጸሐፊ ይህን ምን ብሎ እንደሚጽፈው ቸግሮት ብዕሩን አየር ላይ አቆየው። ገዥው በዝግታ ዞረው የጦር ሚኒስትሩን አዩት፤ የጦር ሚኒስትሩም ታማኝ ሰው ነበርና ተነሥቶ እጅ ነሣና «ይቅርታ፣ ጌታዬ፤ የእኔ ነው» አለ።

በዚያች ሰዓት እትዬ ደብሪቱ የምትባል፣ ከቤተ መንግሥቱ ግርጌ ከሁለት ላሞቿ ጋር የምትኖር ሴት፣ በየሳምንቱ እንደምታደርገው በወይራ የታጠነ ቅሏን ይዛ ከጓሮ በር ቆማ ነበር። አጋፋሪው የሚያደርገው ጠፍቶት ሲሮጥ ቅሉን ከእጇ ተቀበለና አንድ ዋንጫ እርጎ ለገዥው አቀረበ። ጠጡ። ሆዳቸውም ዝም አለ። በምሳ የተበላው ባቄላ በዚያው ሰዓት መንገዱን ጨርሶ ነበር የሚሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬ እንዲህ አይሉም።

እትዬ ደብሪቱ ታላቅ እኅቴ ነበረች። ስለ ሸንጎው የጻፍኩት ሲወራ የሰማሁትን ነው፤ ስለ እሷ የምጽፈው ግን ያየሁትን ብቻ ነው።

አንባቢ የሚከተለውን እንዲረዳ የዚያችን አገር አንድ ልማድ ማወቅ አለበት። በዚያች አገር ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። እግሩ ቢሰበርም ይላል። ቤቱ ተቃጥሎበት ውሃ ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው እንኳ መንገድ ላይ ሰላም ቢሉት ቆሞ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተስ?» ይልና ሩጫውን ይቀጥላል። የሕመም ነገር የሚነሣው ከሦስት ሰላምታ በኋላ ነው፤ ጠያቂው ስለ ልጆች፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ጠይቆ ሲያበቃ ተጠያቂው ወደ መሬት እያየ «ብቻ ይቺ ወገቤ...» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ሕመሙን የተናገረ ሰው አሳዳጊ የበደለው ይባላል። እናታችን ደብሪቱንና እኔን ያሳደገችን በዚህ ሥርዐት ነው፤ በደንብ አድርጋ ነው ያሳደገችን።

ገዥው እርጎው ምን እንዳለበት እንዲመረመር አዘዙ። ከባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰ፣ «ፕሮባዮቲክ» የምትል አንዲት ቃል ይዞ የመጣና ቃሏን የሚያውልበት ቦታ አጥቶ ሰባት ዓመት የተቀመጠ አንድ ሊቅ ነበር። ቀኑ ደረሰለት። እርጎውን በአጉሊ መነጽር ሲመለከት ሰነበተና ከገዥው ፊት ቀረበ።

«ጌታዬ፣ በዚህ ዋንጫ ውስጥ ፕሮባዮቲክ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን አሉ። ቁጥራቸው ከአገራችን ሕዝብ ሺህ ጊዜ ይበልጣል» አለ።

«ምን ያደርጋሉ?»

«ወደ ሆድ ወርደው ሆድ እንዲመቸው ያደርጋሉ።»

«ያማርራሉ?»

«ድምፅ የላቸውም፣ ጌታዬ።»

ገዥው ዋንጫውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው ለረጅም ጊዜ አዩት። «እንዲህ ያለ ሕዝብ እያለኝ እስከ ዛሬ ለምን አልተነገረኝም?» አሉ።

ሊቁ በዚያው ዕለት ሊቀ ከርሥ ተብሎ ተሾመ፤ ይህም በጥንቱ ቋንቋ የሆዶች ሁሉ አለቃ ማለት ነው። ካባም ለበሰ፤ ስለዚህ ከዚህ ወዲያ እኔም አንቱ እላቸዋለሁ።

ሊቀ ከርሥ ሥራቸውን በፈተና ጀመሩ። እርጎው ለሆድ እንደሚመች መረጋገጥ ነበረበት። መጀመሪያ ሆዳቸውን የሚያማቸውን ሰዎች ሊሰበስቡ አስበው ነበር፤ ነገር ግን የታመመ ሆድ የማይታመን ነገር ነው፣ ላይሻለው ይችላል፣ ባይሻለው ደግሞ የእርጎው ስም ይጎድፋል። ስለዚህ ፈተናው በጤነኞች አዋቂዎች ላይ እንዲሆን ተወሰነ። መቶ ጤነኞች ተሰብስበው «ሆዳችሁ እንዴት ነው?» ተባሉ። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። አራት ሳምንት እርጎ ጠጥተው «አሁንስ ሆዳችሁ እንዴት ነው?» ተባሉ። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ሊቀ ከርሥ የደስታ ዕንባ አነቡ።

ሦስት ሰዎች ብቻ፣ ያውም ስለ ዝናቡ ከተጠየቁ በኋላ፣ «ብቻ ትንሽ ይነፋናል» ብለው ነበር። ሊቀ ከርሥ ነገሩን ሦስት ቀን አሰቡበት። በአራተኛው ቀን እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፤ ፈተናው የጤነኞች ነው፤ ሆዱን የነፋው ሰው ጤነኛ አይደለም፤ እንግዲህ እነዚህ ሦስቱ መጀመሪያውኑ የገቡት በስሕተት ነው። ተሰረዙ። ከቀሩት ዘጠና ሰባት ጤነኞች ዘጠና ሰባቱም ጤነኞች ሆነው ተገኙ።

ከዚህ በኋላ አዋጅ ተነገረ። ማንኛውም ጤነኛ አዋቂ በየሳምንቱ ሐሙስ ማለዳ አደባባይ ወጥቶ አንድ ዋንጫ እርጎ እንዲጠጣ፣ ስለ ሆዱም ተጠይቆ መልሱ በጤነኞች መዝገብ እንዲጻፍ ታዘዘ። መዝገቡ ሦስት ዓምዶች ነበሩት፤ «ተመችቶታል»፣ «በጣም ተመችቶታል» እና «እጅግ በጣም ተመችቶታል»። ሦስተኛው ዓምድ አርባ ቀን ሙሉ አንድም ጊዜ ሳይጮኽና ሳያማርር የኖረ ሆድ ብቻ የሚገባበት ስለሆነ ባዶውን ይኖር ነበር። ሰልፉ እንዳይጓተትም የሚጻፈው የመጀመሪያው መልስ ብቻ እንዲሆን ተደነገገ።

የታመመ ሰው ቢኖርስ? ለዚያም ታስቦ ነበር። ከወንዙ ማዶ ጎበዝ ሐኪም አለ። ነገር ግን ጤነኛ ሰው ወደ ሐኪም ቢሄድ እርጎውን ማማት ስለሚሆን ድልድዩን የሚያልፈው ከመዝገቡ የተሰረዘ ሰው ብቻ ነው። መዝገቡ ከተከፈተ ወዲህ የተሰረዘው ደግሞ የጦር ሚኒስትሩ ብቻ ነበር፤ የገዥው ሆድ እንደ ቀድሞው በየሸንጎው መጮኹን አልተወም ነበርና፣ እሱም በየጊዜው እየተነሣ «የእኔ ነው» ከማለት አልቦዘነምና፣ በመጨረሻ በክብር ተሰርዞ በክብር ተሻገረ። ሐኪሙ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ መርምሮት ምንም አላገኘበትም።

የአደባባዩ እርጎ ሁሉ የሚረጋው በደብሪቱ እርሾ ነበር። እናታችን ከእናቷ የተቀበለችው ነው፤ ከቅሉ ሥር ሁልጊዜ አንድ ማንኪያ ይቀራል፣ በእሱም የነገው ወተት ይረጋል። ሊቀ ከርሥ አንድ ቅል ወስደው በብዙ ጋን አባዙትና ለእሷ «የእርጎ እናት» የሚል ማዕረግ ሰጧት። እጇን ጎኗ ላይ አድርጋ ፈገግ ያለችበት ሥዕሏም አደባባይ ላይ ተሰቀለ። ሠዓሊው እጅሽን እዚያ አድርጊ አላላትም ነበር። ያን ጊዜም ሳያማት አልቀረም።

እኔ ያወቅሁት በጥር ነው። ላም ስታልብ ግንባሯን ከላሟ ጎን አስደግፋ ትቆይ ጀመር፤ ወተቱ አልቆም አትነሣም። አንድ ቀን ስለ ዝናቡና ስለ ከብቶቹ አውርተን ስንጨርስ መሬት መሬት አየች።

«ወንድምዓለም፣ ብቻ ይቺ ጎኔ...» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ ቆየ። እርጎውን ስጠጣው ደግሞ ይብስብኛል። ለሰው እንዳትናገር።»

«ወንዙን መሻገር አለብሽ።»

«ሥዕሌ አደባባይ ተሰቅሎ?»

«ሥዕልሽ እዚያው ይቀመጥ። አንቺ ነሽ የምትሻገሪው።»

ሣቀችና ሣቋን ከመካከል አቆመችው፤ መሣቅም ያማት ነበር።

ለመሻገር መሰረዝ፣ ለመሰረዝ ደግሞ ሐሙስ ጠዋት በመጀመሪያው መልስ «አሞኛል» ማለት ያስፈልጋል። ስለዚህ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን ተለማመድን። እኔ መዝጋቢ ሆንኩ።

«እንዴት አደሩ፣ እትዬ ደብሪቱ?»

«ደህና፣ እግዚአብ...»

«ይኸውልሽ፤ ተጻፈ።»

«አፌ ነው እንጂ እኔ እኮ አይደለሁም። ድገመኝ እስቲ።»

«እንዴት አደሩ?»

«አሞ...» አለችና አፏን በእጇ ሸፈነች። «እማማ ብትሰማኝ ምን ትለኛለች?»

ስምንት ጊዜ ደገምን። በዘጠነኛው «አሞኛል» አለች፤ ወዲያው ግን «ይቅርታ» ብላ ጨመረችበት።

መዝጋቢው ልሳነወርቅ የሚባል፣ እኛው ሠፈር ያደገ ትሑት ሰው ነበር። ሐሙስ ዕለት ሲያያት ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጣት።

«እንዴት አደሩ፣ እትዬ ደብሪቱ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች እኅቴ።

ጻፈ።

«ቆይ እስቲ፣ ልጄ። አምልጦኝ ነው። የመጣሁት አሞኛል ልልህ ነበር።»

«ቀለሙ እኮ ደረቀ፣ እትዬ።»

«ሰርዘው።»

«ስርዝ ድልዝ ያለበት መዝገብ ከላይ ይመለስብኛል። ለሚመጣው ሐሙስ ያድርሰንና ያን ጊዜ ይነግሩኛል። ላሞቹ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

በሁለተኛው ሐሙስ አፏን በነጠላዋ ጫፍ አፍና ሄደች። ሲጠይቃት ቃል አልተነፈሰችም፤ ሰላም ያላትን ሰው እንዲሁ ማየት ግን አልሆነላትምና ራሷን በትሕትና ዝቅ አደረገችለት። ልሳነወርቅ ደስታ አንደበቷን የያዛት መስሎት «በጣም ተመችቶታል» ብሎ ጻፈ።

በሦስተኛው ሐሙስ፣ እሱ አፉን ሳይከፍት፣ ገና ከሰልፉ ሳትወጣ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «አሞኛል» አለች።

ከኋላዬ የቆመ አንድ ሽማግሌ «እንዴት አደራችሁ እንኳ ሳትል?» አለ። ሚስቱ «ሹመት እኮ ሰው ያበላሻል» አለችው።

ልሳነወርቅ መዝገቡን ወዲያና ወዲህ አገላበጠ። «እትዬ፣ ታዲያ የትኛው ላይ ልጻፍልዎት? ተመችቶታል አለ፣ በጣም ተመችቶታል አለ...»

«የትኛውም ላይ አትጻፈኝ። ሰርዘኝ።»

«ሥዕልዎ ከጀርባዬ ተሰቅሎ? ይህንንማ ሊቀ ከርሥ ራሳቸው ይዩት።»

ሊቀ ከርሥ በአክብሮት ተቀበሉን፤ ወንበርም አስመጡላት።

«እትዬ ደብሪቱ፣ የአገሩ ሆድ ሁሉ የተመቸው በእርስዎ እርሾ ነው። ታዲያ እርስዎን እንዴት ሊያምዎት ይችላል?» አሉ።

«እኔም ግራ ገብቶኛል፣ ጌታዬ። ግን ያመኛል።»

«የቱ ጋ?»

አሳየቻቸው።

«ይኼማ ጎን ነው። የእኛ ሥልጣን ሆድ ላይ ነው።»

«እንግዲያውስ ከሆዱ መዝገብ ይሰርዙኝና ልሂድ።»

ሊቀ ከርሥ ካባቸውን አስተካከሉ። «እስቲ ያስቡት። ታመዋል ብዬ ብሰርዝዎት እርሾው ከበሽተኛ እጅ የወጣ ይሆናል። ከበሽተኛ እጅ የወጣ እርሾ ደግሞ ለሰው አይመችም። እንግዲህ ሕዝቡ አልተመቸውም ማለት ነው። ሕዝቡ ግን ተመችቶኛል ብሎ በየሳምንቱ አስጽፏል። አገር ሙሉ ሰው ዋሽቷል ሊሉ ነው?»

እኅቴ በዕድሜዋ ማንንም ዋሽተሃል ብላ አታውቅም። «ኧረ እኔስ እንዲያ አልልም» አለች።

«ተግባባን። በሳምንት አንድ የነበረው ዋንጫዎ በቀን ሦስት ይሁንልዎ።»

ስንወጣ ክንዴን ይዛ ቀስ እያለች ደረጃውን ወረደች። «ደግ ሰው ናቸው፤ ብቻ ምነው ቢያሻግሩኝ ኖሮ» አለችኝ።

በቀን ሦስት ጠጣች። ሁለት ዙር የነበረው መቀነቷ አራት ዙር ሆነ። ሊቀ ከርሥ አንድ ሐሙስ ከሩቅ አይተዋት «ሆዷ እንዴት እንደቀለላት ተመልከቱ» ብለው ለተከታዮቻቸው አሳዩአት።

በሚያዝያ መጀመሪያ መቆም አቃታት። ከጎረቤት በለመንኩት በቅሎ ላይ አስቀምጬ በማለዳ ወደ ድልድዩ ወሰድኳት። ለጠባቂው የምለውን አስቤበታለሁ፤ እኅቴ ናት፣ ልትሞትብኝ ነው፣ መዝገቡ ተሳስቷል፣ አሳልፈን። መንገዱን ሙሉ ይህንኑ እየደገምኩ ሄድኩ። ድልድዩ አጠገብ ስንደርስ የሐኪሙ ቤት ቆርቆሮ ከማዶ በፀሐይ ሲያበራ ይታይ ነበር፤ አንድ ሰው ደጁን ሲጠርግም አየሁ። ያን ያህል ቅርብ ነው።

ጠባቂው ዕድሜው የገፋ መልካም ሰው ነበር። ከጥላው ወጥቶ ባርኔጣውን አነሣልን።

«እንደምን አደራችሁ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

«ደህና ከሆናችሁማ ምን ልትሠሩ ትሻገራላችሁ?» አለ ጠባቂው፤ የተሳሳተ ነገር አልተናገረም። ከኪሱ ዝርዝር አውጥቶ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «ደብሪቱ፣ ደብሪቱ... ይኸው። በጣም ተመችቶታል ይላል።» ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ፣ ተንበርክኬ ያልኩትን ጭምር፣ በትዕግሥት ሰማኝ። «እኔስ አምኜሃለሁ፣ ወንድሜ። ግን የምንወስደው የመጀመሪያውን ነው» አለኝ።

ደብሪቱ ከበቅሎው ላይ ሆና እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። «ተወው፣ ወንድምዓለም። አትጨቅጭቃቸው፤ ሥራቸው ነው።» ወደ ጠባቂውም ዞራ «ልጆችዎ ደህና ናቸው?» አለችው።

በስድስተኛው ቀን ሞተች። በዚያ ጠዋት ቅሉን እንዳመጣላት ጠየቀችኝና ወደ ውስጥ ተመለከተች። «ከሥሩ አንድ ማንኪያ ማስቀረት እንዳትረሳ» አለች።

ሞቷ ጽሕፈት ቤቱን አስጨነቀ። ሦስቱ ዓምዶች ሁሉ ስለ ምቾት ናቸው፤ ሞት የሚጻፍበት የለም። ስላልተሰረዘች ደግሞ በየሳምንቱ መጠየቅ አለባት። ስለዚህ ሐሙስ ሲደርስ ልሳነወርቅ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ለቅሶ ቤት መጣ። ከሰው መካከል ተቀምጦ ከልቡ አለቀሰ፤ ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ይቅርታ፣ ጋሼ፣ ሥራ ሆኖብኝ ነው። በዚህ ሳምንት አማርረው ነበር?»

«ሞታለች እኮ፣ ልሳነወርቅ።»

«አውቃለሁ፤ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። ግን አላማረሩም?»

«አላማረረችም።»

ጻፈ። ዕንባውን ጠርጎ ንፍሮ ዘገነ። በሚቀጥለውም ሐሙስ መጣ፣ ከዚያም በሚቀጥለው።

በአርባኛው ቀን ተዝካሯን ሳወጣ ሊቀ ከርሥ መኳንንቱን አስከትለው ከዳሱ ገቡ። ሁሉም ተነሣ። እሳቸውም እንዲህ ሲሉ አወጁ፤ በአገራችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሆድ አርባ ቀን ሙሉ አንዲት ቅሬታ ሳያሰማ ኖሯል። ልሳነወርቅ ከሕዝቡ ፊት መዝገቡን ዘርግቶ የእኅቴን ስም በሦስተኛው ዓምድ በቀይ ቀለም አሰፈረ። ማንኛውም ጤነኛ አዋቂ ከእንግዲህ እሷን አርአያ አድርጎ ወደ ሦስተኛው ዓምድ ለመድረስ እንዲተጋ ታዘዘ። ለዳሱ ሰው ሁሉ እርጎ ታደለ። ያ ሰልፉ ላይ የነበረው ሽማግሌ ዋንጫውን እንደያዘ ወደ ሚስቱ ዘንበል አለ።

«ያኔ ተሳስቼባት ነበር። ጨዋ ሴት ነበረች» አለ።

«አልነገርኩህም?» አለችው ሚስቱ።

ሊቀ ከርሥ የምስክር ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ከዚያም ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ እውነተኛ ርኅራኄ በፊታቸው እየታየ፣ እጄን ያዙኝ።

«እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

ልሳነወርቅ ብዕሩን አንሥቶ ይጠብቅ ነበር። የእኅቴ ቅል እግሬ አጠገብ ነበር፤ ከሥሩ አንድ ማንኪያ አለ።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

ተጻፈ። ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፤ ደህና ናቸው አልኩ። ስለ ላሞቹ ጠየቁኝ፤ ደህና ናቸው አልኩ። ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ፤ ዘንድሮስ ጥሩ ነው አልኩ። ከዚያ ተራዬ ደረሰና መሬት መሬት እያየሁ «ብቻ ይቺ እኅቴ...» ብዬ ቀና ስል፣ ሊቀ ከርሥ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ እጅ ይዘው «እንዴት ነህ?» ይሉት ነበር፤ ሰውዬውም ደህና ነበረ።